መብረቅ የሚጠራው መስታወት

ከኮተቤ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ተበታትነው ከተሠሩት ቤቶች መካከል ማሾ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የበለጡ ቤት ነው። ሠርግ ያለበት፣ ለቅሶ የተቀመጠ፣ ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ቤት ሁሉ መሸት ሲል ሰው ይልክባታል። «እትዬ በለጡ፣ ማሾውን» ይላል የተላከው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ። በለጡ ታዲያ ወዲያው አትሰጥም። መጀመሪያ «ላምባ አላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ቀጥላ ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ ከዚያ «እናንተ አታውቁበትም፣ ጨርቋን ታረግፉብኛላችሁ» ትልና ራሷ ይዛው ትሄዳለች። እዚያ ደርሳ በፓምፑ ነፍታ ስትለኩሰው፣ ያቺ እንደ ከረጢት የምትንጠለጠል ነጭ ጨርቅ ቦግ ብላ ስትበራና ማሾው እየተንሿሿ ቤቱን ቀን ሲያስመስለው፣ ሰዉ ሁሉ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላታል። ከዚያ ቤት ሳትበላ ሳትጠጣ አትወጣም፤ የምትቀመጠውም ከፊት ነው።

በለጡ ልብስ ሰፊ ናት። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና አላት፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ለሰልፍ ቀን የሚለበስ ካኪ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የመጣውን ሁሉ ትሰፋለች። ባሏ ሣህሌ የመንግሥት ደን ጠባቂ ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲዞር የሚውል፣ ቅጠል ተሸካሚ ሴቶችን ሲያባርር እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ አሳየች። በ1980 ዓመተ ምሕረት ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበርና የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃት ነበር።

የመብራት መስመር ከታች አስፋልቱ ዳር መጥቶ ቆሟል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዳገቱን ይወጣል ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለት ነበር፤ አሥረኛው ዓመት ካለፈ ግን ሰነበተ። ለሌላው ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነበር። ለበለጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አልነበረም። መስመሩ ቢመጣ ማን በሯን ያንኳኳል?

በአጥር የሚዋሰኗት ውዴና ባሏ ጉደታ ነበሩ። ውዴ በዕድሜ ከበለጡ በብዙ ታንሳለች፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ቤቷ ሰው የማይጠፋበት ሴት ናት። ጉደታ የወለጋ ሰው ነው፤ በድርቁ ጊዜ እህል ሊያድሉ በመጡ ፈረንጆች ዘንድ በሹፌርነት ተቀጥሮ ወደ ወሎ ሲመላለስ ወር ሁለት ወር ሳይታይ ይከርማል። ሃይማኖታቸው ጴንጤ ነው ይባላል፤ ጮክ ብሎ ግን ማንም አያወራውም፣ ጊዜው እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ የሚወራበት አልነበረም። በለጡና ውዴ እሳት ይጫጫራሉ፣ ወንፊት ይዋዋሳሉ፣ እድራቸውም አንድ ነው። ክፉ ነገር አልነበረባቸውም።

ነገሩ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ጉደታ ይሠራበት ከነበረው የእህል ማደያ ጣቢያ አንዱ ሲዘጋ፣ ፈረንጆቹ ለሠራተኞቻቸው ያለውን የሌለውን ሲያድሉ ለእሱ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር ሰማያዊ መስታወቶችና ሁለት ትልልቅ የመኪና ባትሪዎች ደረሱት። ከአስፋልቱ በሰው አሸክሞ አወጣቸው። አንዱን መስታወት ቆርቆሮው ላይ ወደ ፀሐይ አጋድሞ አሰረው፤ ባትሪውን በእንጨት ሳጥን ከቶ ከአልጋው ሥር አስቀመጠው፤ ሽቦውን በግድግዳው ላይ ሳበው። ውዴም ጎረቤቱን ሁሉ «ዛሬ መሸት ሲል ብቅ በሉ» ብላ ጠራች።

በለጡ መስታወቱን ከሩቅ አይታዋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ሰው የሚሰበሰብበት ቤት መብራት መፈለጉ አይቀርም ብላ ማሾዋን ለኩሳ ይዛ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ብርሃኑ እስከ ግቢው ፈስሶ አገኘችው። ከማገሩ ላይ ክንድ የሚያህል ነጭ አምፖል ተሰቅሏል። አይጮህም፣ አይሸትም፣ አይጨስም። ሰዉ አንገቱን አንጋጦ ያየዋል።

«እትዬ በለጡ፣ ይግቡ እንጂ!» አለች ውዴ ፊቷ እንደ በራ። «ማሾውንስ ያጥፉት፤ ላምባዎ ለምን በከንቱ ይለቅ።»

ክፉ አስባ አይደለም የተናገረችው። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ግን ሳቀ። በለጡ ጎንበስ ብላ ማሾዋን አጠፋች። ማሾው ሲጠፋ ቤቱ ትንሽ እንኳ አልደበዘዘም። ይህን ልብ ያለው ሰው ላይኖር ይችላል፤ እሷ ግን ልብ አለችው። የሞቀ ማሾዋን ጭኗ አጠገብ አስቀምጣ፣ በር ሥር ባገኘችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ጉደታ ለሰዉ ያስረዳል። «ቀን ፀሐይዋን መስታወቱ ይቀበላል፤ ባትሪው ያጠራቅማል፤ ማታ እናበራለን። ላምባ የለ፣ ክብሪት የለ። የባትሪ ውሃውን ማየት ብቻ ነው።» ከዚያም ወደ ሣህሌ ዞረ። «ጋሽ ሣህሌ፣ ሁለተኛው ለእኛ ትርፍ ነው። ያቺን የጓሮ አፈር የሚይዝ የድንጋይ ካብ ቢሠሩልኝ ለእናንተ ቤት እኔው እሰቅልላችኋለሁ። ፈጽሞ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

የሣህሌ ዓይን አምፖሉ ላይ ነበር። «አይ ጉደታ፣ እግዜር ይስጥህ» አለና ወደ ሚስቱ አየ። በለጡ መሬት መሬት ታያለች።

ቤታቸው እንደገቡ ሣህሌ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ጀመረ። «ካቡን በትርፍ ሰዓቴ እጨርሰዋለሁ። ልጅቷ ታጠናበታለች፤ አንቺም ክር ለማስገባት ዓይንሽን አታጨናብሺ።»

«ውዴ የጠገበችውን ትርፍራፊ ነው የምሰቅለው?»

«ምን ትርፍራፊ አለው? ሁለቱም እኩል ናቸው።»

«እኩልማ አይደሉም። የሷ ቀድሟል።»

ሣህሌ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። «እና ጉደታን ምን ልበለው? አንድ ነገር ማለት አለብኝ።»

በለጡ ምክንያት አልነበራትም። ያላት ነገር እዚህ ደረቷ ላይ የተቀመጠ፣ ስም ልትሰጠው ያልፈለገችው እሳት ነበር። ወጥታ ጣሪያዋን አየች፤ ከላይ ያለውን ጥቁር ሰማይ አየች፤ ተመልሳ ገባችና «መብረቅ ይጠራል በለው» አለችው።

«ማን አለ?»

«ይባላል።»

ሣህሌ ይህን ለጉደታ አልነገረውም። «እስቲ እናስብበት» ብቻ አለው። ሁለተኛው መስታወት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ውዴ ጓዳ ውስጥ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለበለጡ መራራ ነበሩ። ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሲሞቱ ማሾውን የጠየቀ ሰው አልመጣም፤ ሁለት ጎረምሶች የውዴን ባትሪ ከነሳጥኑ በሸክም ወስደው ድንኳኑን አበሩት። በለጡ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ውዴ ከፊት ተቀምጣ አገኘቻት። «እጅሽ ይባረክ» ሲሏትም በጆሮዋ ሰማች። ሣህሌ መሸት ሲል ራዲዮ ለመስማት አጥሩን ተሻግሮ መሄድ ጀመረ። ይባስ ብሎ አሳየች ደብተሯን ታቅፋ ትከተለዋለች። ውዴ አምፖሉ ሥር ጠረጴዛ አድርጋላታለች፤ «ጎበዝ ልጅ አለችዎት» ትላለች ለበለጡ ስታገኛት። በለጡ «ተመስገን» ትላለች። ልቧ ግን «ልጄን አወደሰችልኝ» አይልም፤ «ልጄን ወሰደችብኝ» ይላል።

የስፌት መኪናዋ መስኮት አጠገብ ነበር፣ መስኮቱም ወደ ውዴ ቤት ነው። መኪናውን ከነጠረጴዛው ጎትታ ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረችው። እንዲህም ሆኖ ብርሃኑ በአጥሩ ሾልኮ፣ በመስኮቱ ገብቶ፣ ከፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። የራሷን ጥላ ያሳያታል። መጋረጃ ሰፍታ ዘጋችው። ሲዘጋ ደግሞ እነ ውዴ የሚስቁት በምን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዋን ታቆማለች።

ምንጭ ላይ ከሴቶች ጋር ተራ ሲጠብቁ ወሬው ወደ ውዴ መብራት ሲያዘነብል በለጡ መጀመሪያ ዝም ትል ነበር። አንድ ቀን ዝምታው አልሆነላትም።

«እኔ መስታወቱን ባየሁት ቁጥር ያስፈራኛል» አለች። «መብረቅ ይጠራል አሉ።»

«ማን አለ?»

«የሚያውቁ ሰዎች ናቸዋ። እንጦጦ ደግሞ የመብረቅ አገር ነው።»

በሌላ ቀን ጨመረችበት። «ወሎ ላይ አንድ ቤት ከነሰዉ አቃጥሏል አሉ። ፈረንጆች እንዲህ ያለ ዕቃ ጥለው የሚሄዱ ይመስላችኋል? ጤና ቢሆን ይዘውት አይሄዱም?»

ይህኛው ልብ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር። እውነትም ፈረንጅ ደህና ዕቃ ለምን ይጥላል? ወሬው ከምንጩ ተነስቶ ዳገቱን ዞረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት በለጡን መንገድ ላይ አስቁማ «ሰማሽ ወይ? ወሎ ላይ አንድ መንደር ሙሉ ነደደ አሉ፤ እናትና ልጅ አልተረፉም» አለቻት። በለጡ ደረቷን ይዛ «በስመ አብ!» አለች። አስመስላም አልነበረም፤ ለጊዜው እውነት መስሏት ነበር።

ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ጠነከረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከእንጦጦ ራስ ላይ ጠቁሮ ወረደና አንድ ጊዜ ብቻ ሲያጓራ ዳገቱ ተንቀጠቀጠ። ዝናቡ ሲያባራ ኤጀታ የሚባለው ገበሬ በሬ ወንዙ ዳር፣ ትልቁ ባሕር ዛፍ ሥር፣ እግሩን ዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። በሬውን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ቀና አለና ከሩቅ የሚያብለጨልጨውን የውዴን ጣሪያ አየ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ኃይለ መስቀል የሚባሉ፣ ቀድሞ ባለሥልጣን ቤት ያገለገሉ፣ ንግግራቸው የረጋ ሽማግሌ ናቸው። ጉደታ በዚያ ሰሞን ወሎ ነበር፤ ውዴ ብቻዋን ቆመች።

«ጌቶቼ፣ በሬው የተመታው ወንዝ ዳር ነው» አለች። «ወንዙ የት፣ የእኔ ቤት የት? መስታወቱ ጠርቶት ቢሆን የመጀመሪያዋ ሟች እኔ አልነበርኩም?»

«ታዲያ አንቺን እስኪመታ እንጠብቅ?» አለ ኤጀታ። በሬው ሞቶበታል፤ ሊፈረድበት አይችልም። «ወሎ ላይ የሆነውን ሰምተናል።»

«ባሌ ወሎ ነው የሚሠራው፤ እሱ ያልሰማውን እናንተ ከማን ሰማችሁ?»

አንዱ ሌላውን አየ፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የሰማው። የማንም ዓይን በለጡ ጋ አልደረሰም፣ ከአንድ ሰው በቀር። ሣህሌ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ አያት። በለጡ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አሁን «እኔ ነኝ» ማለት ይቻል ነበር። አንደበቷን ልትከፍት አንድ አፍታ ቃጣት፤ ከዚያ የውዴን ቤት ጨልሞ አሰበችው፣ እንደ ማንም ቤት። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ዝም አለች። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ሃይማኖታቸውም እኮ ሌላ ነው» ሲል ተሰማ።

ኃይለ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው ፈርቷል። ዝናቡ እስኪያልፍ መስታወቱ ይውረድ። ባልሽ ሲመጣ እንነጋገራለን።» ወንዶቹ በመሰላል ወጥተው ሲያወርዱት መሰላሉን የያዘችው ራሷ ውዴ ነበረች።

በዚያ ምሽት ዳገቱ ሁሉ እኩል ጨለመ። በለጡ የምትሰፋው ነገር ሳይኖር ማሾዋን ለኩሳ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችው። በዚያው ሳምንት ክርስትና ያለው ሰው ልኮባት ማሾውን ይዛ ሄደች፤ ከፊትም ተቀመጠች። ደስታው ግን ቤቷ ድረስ አብሯት አልመጣም። አሳየችን በኩራዝ ጭስ ዓይኗ ቀልቶ መጽሐፉ ላይ ተደፍታ ታገኛታለች፤ ሣህሌ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። ከእድሩ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገራት። «ይባላል ብለሽኝ ነበር» ነው ያላት።

ግንቦት ሲገባ ምንጭ ላይ ሌላ ወሬ ደረሳት። ጠይባ ሁለቱንም መስታወቶች ከነባትሪያቸው ልትወስድ ነው።

ጠይባ ከወንዙ ማዶ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። በለጡ ከውዴ በፊት የምትቀናባት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቋ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አስገብታ አንድ ሰፊ ቀጥራ፣ የተማሪውን ዩኒፎርም ግማሹን ከበለጡ እጅ ወስዳባታለች። የጠይባ ሱቅ ደግሞ ከበለጡ ደጃፍ ፊት ለፊት፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። ወሬውን ያመጣችው ሴት «መብረቅ የሚፈራ ይፍራ፣ እኔ ገበያዬን እፈልጋለሁ አለች ጠይባ» ስትል የበለጡ እንስራ ሞልቶ ፈሰሰ፤ አላየችውም።

ቀኑን ሙሉ ከሸለቆው ማዶ ሱቁን ስታይ ዋለች። የውዴን ብርሃን አጥፍታ በራሷ ደጅ ትይዩ ሁለት ልታስበራ ነው! የጠይባ ሰፊ ሰው ሁሉ ሲተኛ እየሰፋ፣ እሷ በኩራዝ ቁጭ ብላ ያንን ስታይ! የውዴ መብራት ቢያንስ ለቅሶ ቤት ይወጣ ነበር፤ ልጇን ያስጠና ነበር። የጠይባ ለማን ይበራል? አሁን ውዴ አሳዘነቻት ማለት አይደለም። በልቧ ያለው ያው የድሮው እሳት ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ቤት ላይ ቆመ እንጂ።

በማግስቱ ማለዳ ኃይለ መስቀል ደጅ ሄደች። ሽማግሌው አትክልታቸውን ይኮተኩታሉ።

«ጋሼ፣ ያ የመብረቁ ነገር ሐሰት ነው» አለች ሳትቀመጥ።

«ምን አልሽ?»

«ወሎ ላይ የነደደ ቤት የለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ከእኔ አፍ ነው የወጣው።»

ሽማግሌው መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ቀና አሉ። «ለምን?»

በለጡ ሌላ ምክንያት ፈለገች። ከሣህሌ ጋር እንደተነጋገረችበት ምሽት ሁሉ አሁንም ምክንያት አልነበራትም። «ቀንቼ ነው» አለች።

«የኤጀታ በሬስ?»

«በሬውንማ መብረቅ ገደለው፤ እኔ አልገደልኩት!»

ኃይለ መስቀል ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ተውት። «ለእድርተኛው እኔ እነግራለሁ። አንቺ ግን መጀመሪያ ለውዴ ሄደሽ በአንደበትሽ ንገሪያት። ካልነገርሻት የኔ መንገር ዋጋ የለውም።»

ውዴ ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘቻት። ለበለጡ እንደ ሽማግሌው ቤት አልቀለጠፈላትም። ስለ ልብሱ አወራች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ከዚያ የመጣችበትን አንጠባጥባ ነገረቻት። ውዴ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ሰማች።

«አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም አልሰማሁም። ማሾሽን ያጠፋሽ ዕለት ፊትሽን አይቼዋለሁ።» ውዴ ከዚያ ቀን በፊት በለጡን አንድም ጊዜ አንቺ ብላት አታውቅም ነበር። በለጡ ቃሉን እንደ ጥፊ ሰማችው። «ግን ጎረቤቴ ናት፣ ይለፍላታል ብዬ ዝም አልኩ። ባሌ በሌለበት ወንድ ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ሲነቅል ቆሜ አየሁ። ስለ ሃይማኖታችን ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ያ ወሬ ቀበሌ ቢደርስ ጉደታ በሰላም ይመለስ ነበር? እሱን አስበሽው ታውቂያለሽ?»

በለጡ አላሰበችውም ነበር። ያሰበችው መስታወቱን ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አላሰብኩትም» አለች። «እውነቴን ነው ውዴ። ይቅር በይኝ።»

ውዴ አንድ ሸሚዝ ጨምቃ አሰጣች። ሌላም ጨምቃ አሰጣች። «እስቲ ይብረድልኝ» አለች።

በለጡ ለመሄድ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ግን መለስ አለች፤ አላስቻላትም። «ለጠይባ ልትሰጫቸው ነው የሚባለው...»

«አንዱን ወስዳለች። ትናንት ሰው ልካ አስወሰደችው። ያንን ለእናንተ የተቀመጠውን። የራሴን አልሰጥም፣ ጉደታ ሲመጣ ይሰቅለዋል።»

በለጡ በዚያ ሰዓት ማፈር ነበረባት፤ አፍራለችም። ከማፈሯ በላይ ግን ያ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወራት ሙሉ የጠበቃት መስታወት አሁን ጠይባ ቆርቆሮ ላይ መሆኑ አቃጠላት። በዚያው ምሽት አየችው። ከሸለቆው ማዶ፣ ልክ እንደፈራችው፣ ነጭ ብርሃን በራ፤ ከሥሩም የሰፊው ጥላ ጎንበስ ቀና ይላል።

ጉደታ በወሩ አጋማሽ መጣ። እድርተኛው ተሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀው፤ ኤጀታ ራሱ መሰላል ተሸክሞ መጣ። ጉደታ ለበለጡ ሰላምታ ብቻ ሰጥቷት አለፈ። ሣህሌ ግን በማግስቱ መዶሻውን ይዞ ውዴ ጓሮ ገባና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ያንን የድንጋይ ካብ መሥራት ጀመረ። ከደን ሲመለስ ይሠራል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሠራል። «መስታወቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ለምኑ ነው?» አለችው በለጡ። «ካብ ያስፈልጋቸዋል» አላት።

ካቡ ሲያልቅ ጉደታ አንድ ጥቅል ሽቦና ጣት የምታህል አምፖል ይዞ በአጥሩ ላይ ተጣራ። «ጋሽ ሣህሌ፣ ሌላ መስታወት የለኝም። ከእኛ ባትሪ ግን ለልጅቷ ማጥኛ የምትሆን አንዲት አምፖል በሽቦ ላሻግርላችሁ። ፈተናው ደርሷል።»

ሣህሌ ወደ በለጡ አየ። ቀድሞ እንደዚህ ሲያያት መሬት መሬት አይታ ነበር፤ አሁን ሽቦውን አየችው።

«ባትሪው የት ነው የሚሆነው?» አለች።

«እኛ ቤት ነዋ።»

«ውዴ ስታጠፋ የእኔ ይጠፋል?»

«አይጠፋም እትዬ፤ የእናንተ ማጥፊያ እናንተ ጋ ነው። ባትሪው ራሱ ካለቀ ግን ሁላችንም ጨለማ ነን።»

በለጡ ረጅም ጊዜ አሰበች። የራሷ ጣሪያ ባዶ ሆኖ፣ መብራቷ ከውዴ አልጋ ሥር በሽቦ እየተጎተተ ሊመጣ ነው። ሰው ሲጠይቃት ምን ትላለች? «ከውዴ ነው» ልትል ነው? እምቢ ብላስ? እምቢ ብትል ከቀኝ ውዴ፣ ከፊት ጠይባ፣ እሷ መሀል ላይ በኩራዝ። ከጓዳው የአሳየች ሳል ተሰማ፤ የኩራዙ ጭስ ነው።

«ለልጅቷ ከሆነ ይሁን» አለች። «ለእኔ አይደለም።»

ጉደታ ሽቦውን በሁለት አጣና ላይ አሻግሮ፣ አምፖሏን ከአሳየች ጠረጴዛ በላይ አንጠለጠላት። ትንሽ ናት፤ ከጠረጴዛው አልፋ እስከ ግድግዳው አትደርስም። አሳየች ፈተናዋን አለፈች። ከዚያ በኋላ በለጡ የስፌት መኪናዋን በጥቂት በጥቂት እየገፋች ወደ አምፖሏ አስጠጋችው፤ ማንም ምንም አላላትም። ማጥፊያዋንም ከራሷ በቀር ማንም እንዲነካ አትፈቅድም።

ክረምቱ ገባ። የእንጦጦ ጉም ቀኑን ሙሉ ጣሪያዎቹ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ መስታወቱም የሚቀበለው ፀሐይ አጣ። መሸት ሲል አምፖሏ መጀመሪያ ትቀላለች፣ ከዚያ እንደ ከሰል ፍም ትሆናለች። በለጡ ወጥታ ማዶ ማዶ ታያለች፤ የጠይባም ቀልቶ ካየችው «ይኸው የሷም» ብላ ትገባለች፤ ነጭ ሆኖ ካየችው ግን ያ ምሽት አይሠምርላትም። አንድ ቀን የጠይባ ነጭ ነበር። በለጡ ገብታ የደበዘዘች አምፖሏን አየች፤ ከአጥሩ ማዶ የውዴ ራዲዮ ሲዘፍን ሰማች፤ ሣህሌም እዚያው ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ውዴ! ኧረ ውዴ!»

«አቤት!»

«ራዲዮውን ቀንሺው እንጂ! ምን ነካሽ? መብራቴን እኮ ጨረስሽብኝ!»

ራዲዮው ዝቅ አለ። ከዚያ የውዴ ድምፅ ከቤት ውስጥ መጣ። «የማንን መብራት ነው ያልሽው?»

በለጡ አጥሩን ይዛ ቆመች። ሣህሌ ከውስጥ ሲያስል ሰማች፤ ሳቁን ሲውጥ እንዲህ እንደሚያስል ታውቃለች።

«የልጄን!» አለች ጮክ ብላ፣ ተመልሳም ገባች።